ያረጀ የስፖርት መኪና በደጋ መንገድ፤ የኤሌክትሪክ ብልሽትን ከሥሩ ስለ መመርመር

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተመረጠው ጉዳይ በዕድሜ የገፋ የቅንጦት ስፖርት መኪና የኤሌክትሪክ ብልሽት በምን ዐይነት ሥርዐት ሊመረመርና ሊጠገን እንደሚገባው ማስረዳት ነው። ርእሱ እንደ ተነገረ አንዳንዶቻችሁ «በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ መንገድ የስፖርት መኪና ምን ይሠራል?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ እገምታለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የእነዚህ አገሮች መንገድ ለረጅም ዘመን የላንድሮቨርና የጭነት መኪና፣ በኋላም የላንድ ክሩዘርና የአይሱዙ መንገድ ሆኖ ኖሯል። ሆኖም በአዲስ አበባ በጥንቃቄ የተያዘ የቆየ የስፖርት መኪና ያለው ሰው ለበዓል ወይም ለተዝካር ወደ ትውልድ አገሩ ይዞት ሊወጣ ይችላል። ያን ጊዜ መኪናው የሚቆመው በጋራዥ ደጃፍ አይደለም፤ በጣርማ በር ጉም ውስጥ ወይም በጀማ ሸለቆ ቁልቁለት ላይ ነው። የሚጠራውም ባለሙያ በቅርብ ካለች ከተማ፣ ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ የሚገኝ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው።

ይህ ሠራተኛ የተማረው በቮልስዋገንና በላንድሮቨር ላይ ነው። ስለዚህ የቅንጦት መኪና ሲያይ ሁለት ዐይነት ስሕተት ይፈታተነዋል። አንደኛው ፈርቶ «ይህ ከእኔ ዐቅም በላይ ነው» ማለት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በድፍረት ሽቦ መቁረጥና ዕቃ መለወጥ መጀመር ነው። የዚህ ንግግር ዐላማ ሁለቱም አላስፈላጊ መሆናቸውን ማሳየት ነው። የቅንጦቱ መኪና የሚመረመርበት ዕውቀት በእጃችን ያለው ዕውቀት ነው፤ የሚጎድለን ብዙ ጊዜ ዕቃ ሳይሆን ቅደም ተከተል ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ለምን ያስፈልጋል?

የአሮጌ መኪና ጥገና የጥቂት ሀብታሞች ጨዋታ ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ አልፏል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን በዕድሜያቸው ልክ ከፍ ባለ ቀረጥ እንዲገቡ አድርጓል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለ ሆነም በአገር ውስጥ ያለው የነዳጅ መኪና በጥገና መኖር ይኖርበታል። በተለይም የስፖርት መኪና የሽቦ መሥመር አንድ ጊዜ ከተቆራረጠ ምትኩ በገበያ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ፒስተን ሊቀረጽ፣ ጎማ ሊገዛ ይችላል፤ በፋብሪካ በቀለም ተለይቶ የተጠቀለለ የሽቦ መሥመር ግን ያለ ሥርዐት ከተነካ ወደ ነበረበት መመለሱ እጅግ ያስቸግራል።

የቅንጦቱ መኪና ዘመዶች

እንደ ምሳሌ ሁለት መኪናዎችን እንውሰድ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1989 የተሠራው ባለ ሁለት መቀመጫ መርሴዲስ ኤስ ኤል ነው። በእነዚህ ዐሥራ ስምንት ዓመታት ውስጥ ከ237,000 በላይ ተሠርቷል። የዚህን መኪና የፊውዝ ሣጥን የሚከፍት ሰው የሚያገኘው ሁለት ጫፋቸው የሾለ፣ በቀጭን የብረት ቅጠል የተለበጡ፣ ነጩ 8 አምፔር ቀዩ 16 አምፔር የሆኑ ፊውዞችን ነው። እነዚህን የማያውቅ የቮልስዋገን ጥገና ሠራተኛ የለም፤ ያው የኤሊዋ ቮልስዋገን ፊውዞች ናቸውና።

ዝምድናው በዚህ አያበቃም። የጀርመን መኪናዎች የሽቦ ጫፎቻቸውን በአንድ የቁጥር ሥርዐት ይሰይማሉ። 30 ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ ነው፤ 15 ቁልፍ ሲዞር የሚነቃ ነው፤ 31 ማሳ ነው፤ 50 ወደ ሞተሪኖ የሚሄድ ነው፤ 61 የቻርጅ መብራት ነው፤ በሪሌይ ላይ 85 እና 86 የጥቅሉ ሁለት ጫፎች ሲሆኑ 87 ወደ ሥራው የሚያልፈው ነው። እነዚህን ቁጥሮች በቃሉ የያዘ ሰው ሥዕሉ በጀርመንኛ ቢጻፍም ማንበብ አያቅተውም።

ሁለተኛው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የእንግሊዙ ጃጓር ኢ ታይፕ ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃው የበርሚንግሃሙ የሉካስ ኩባንያ ሥራ ነው፤ የላንድሮቨርም እንዲሁ። ቡናማ ሽቦ ከባትሪ፣ ነጭ ከቁልፍ፣ አረንጓዴ ከቁልፍ በኋላ በፊውዝ ያለፈ፣ ጥቁር ማሳ መሆኑን በላንድሮቨር ላይ የተማረ ሰው በጃጓሩም ላይ ያንኑ ቋንቋ ያገኛል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። የመጀመሪያዎቹ የኢ ታይፕ መኪናዎችም ሆኑ የቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮች ማሳቸው ፖዘቲቭ ነበር። ባትሪውን በልማድ አገልብጦ የሚያስር ሰው በኋላ የተገጠመ ራዲዮ ወይም አልተርኔተር ካለ በቅጽበት ያቃጥላል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ከባትሪው ወደ መኪናው አካል የሚሄደው ገመድ የትኛው እንደ ሆነ በዐይን ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

የደጋው ጠባይ በኤሌክትሪክ ላይ

መኪናው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር፣ ከዚያም ወደ መንዝ ሲታጠፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይጓዛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ክብደት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ቀጭን አየር ሙቀትን አጥቦ የመውሰድ ዐቅሙ ያነሰ ስለ ሆነ አልተርኔተሩ በቀላሉ አይቀዘቅዝም። ከፍተኛ ቮልቴጅም በቀጭን አየር ውስጥ ሾልኮ ለመዝለል ይቀናዋል፤ ስለዚህ በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ላይ ያለች የፀጉር ያህል ስንጥቅ አዲስ አበባ ሳትታይ ኖራ ጣርማ በር ላይ ትገለጣለች። ይሁን እንጂ ከፍታውን ብቻ መውቀስ አይገባም። በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየርም ስለሚቀንስ ካንዴላው ለመተኮስ የሚፈልገው ቮልቴጅ በዚያው መጠን ዝቅ ይላል። በእርግጥ የሚጎዳው የጉሙ እርጥበት ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎ በክዳኑና በገመዶቹ ላይ የሚሠራው መሥመር ነው። በደረቅ ጨርቅ ተወልውሎ ከተነሣ ምርመራው ተጠናቅቋል ማለት ሳይሆን፣ ክዳኑ መለወጥ ያለበት መሆኑ ታውቋል ማለት ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ የመንዝ ሌሊት ውርጭ ያወርዳል። በብርድ ውስጥ ባትሪ ሞተር የማስነሣት ዐቅሙ በጉልህ ይቀንሳል፤ ዘይቱ ደግሞ ይወፍራልና ሞተሪኖው የሚጠይቀው ኃይል ይጨምራል። አንዱ ሲቀንስ ሌላው ሲጨምር በመካከል የሚጋለጠው ያረጀ ባትሪና የዛገ ማሳ ነው። ባዶ የሆነ ባትሪም ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ላይ ውሃው ሊረጋና ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የተሞላው ግን ይህ አያሰጋውም።

የምርመራው ቅደም ተከተል

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው የኤሌክትሪክ ሥሩ ባትሪው ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ከቆየ በኋላ 12.6 ቮልት ያሳየ ባትሪ ሙሉ ነው፤ 12.2 ያሳየ ግማሽ ያህል ነው፤ 12.0 ያሳየ ሊያልቅ የተቃረበ ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቴጁ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደካማ ነው፤ ወይም ሞተሪኖው ከልክ በላይ ይስባል። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ በ13.8 እና በ14.4 መካከል መሆን ይገባዋል። እነዚህ ሦስት ልኬቶች ሳይወሰዱ ኮፋኖ ሥር ሌላ ነገር መንካት ከጨለማ መጀመር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የቮልቴጅ መጥፋትን መለካት ነው። በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም ያረጁ መኪናዎች ትልቁ በሽታ ይህ ነው። ሞተሪኖ 150 አምፔር ሲስብ በመንገዱ ላይ ያለች አንድ መቶኛ ኦም የሆነች ዝገት 1.5 ቮልት ትበላለች። በኦም መለኪያ ብትፈልጓት አትገኝም፤ መለኪያው ያን ያህል ትንሽ አያነብም። የምትገኘው ሥራ ላይ ስትሆን ነው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ አካል ላይ አድርጎ ሞተሪኖውን ማዞር ነው። ንባቡ ከ0.2 ቮልት እጅግ ከበለጠ በሞተሩና በባትሪው መካከል ያለው ማሳ ተበላሽቷል። ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ያለውም በዚሁ ዐይነት ይለካል፤ እዚያ እስከ ግማሽ ቮልት ይታገሡታል። በዚህ መንገድ ጤነኛ ሞተሪኖ ከመፈታት ይድናል።

የዚሁ ብልሽት ሌላው ገጽታ የፊት መብራት መድከም ነው። የአምፖል ብርሃን ከቮልቴጁ ይልቅ በፍጥነት ይወርዳል፤ ቮልቴጁ ዐሥር ከመቶ ሲጎድል ብርሃኑ ሠላሳ ከመቶ ያህል ይጎድላል። ባለቤቱ «አምፖሉ ትንሽ ነው» ብሎ ትልቅ አምፖል ሲያስገባ ሞገዱ ይጨምራል፤ የዛገው መገናኛ ይበልጥ ይሞቃል፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። መድኃኒቱ የማሳውን ብሎን ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት ጠርጎ መልሶ ማጥበቅ ነው፤ ዋጋው የሩብ ሰዓት ድካም ነው።

ስለ መሣሪያም አንድ ቃል። ዲጂታል ቴስተር ከሽቦው ምንም ያህል አይስብም፤ ስለዚህ አንድ ክር ብቻ በቀረው ሽቦ ላይ እንኳ 12 ቮልት ያሳያል፣ ሠራተኛውንም ያታልላል። የመፈተሻ አምፖል ግን ይስባልና ሽቦው ሥራ መሸከም አለመቻሉን ወዲያው ይገልጣል። በአንጻሩ አምፖሉን በኤሌክትሮኒክ ሣጥን ጫፍ ላይ መሞከር ሣጥኑን ያቃጥላል። ሁለቱም መሣሪያዎች ያስፈልጋሉ፤ እያንዳንዱ በቦታው።

ሦስት ምሳሌዎች

አንደኛው ጉዳይ በጣርማ በር ነው። ኤስ ኤል መርሴዲስ ከደብረ ሲና ዳገቱን ይወጣል እንበል። መሽቷል፤ ጉሙ ወርዷል። የፊት መብራት 110 ዋት፣ የኋላና የጎን መብራት 20፣ የዝናብ መጥረጊያው 60፣ የመስታወት ማሞቂያው ነፋስ 120፣ የነዳጅ ፓምፑና ማቀጣጠያው 150 ያህል ይፈልጋሉ። ሲደመር 460 ዋት፣ ማለትም ከ30 አምፔር በላይ ነው። አልተርኔተሩ የማይሠራ ከሆነ 60 አምፔር ሰዓት የሚባል ባትሪ በወረቀት ላይ ሁለት ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ይሸከማል፤ አርጅቶ በርዶት ከሆነ ግን ከአንድ ሰዓት በፊት መኪናው በገደል አፋፍ ላይ ያለ መብራት ይቀራል።

እንግዲህ አልተርኔተሩ ለምን አይሠራም? ብዙ ሠራተኛ ወዲያው ይፈታዋል። ከመፍታት በፊት ግን ቁልፉን አዙሮ ክሩስኮቱን ማየት ይገባል። ቀይዋ የቻርጅ መብራት ሞተሩ ሳይነሣ ካልበራች አምፖሏ ተቃጥላለች፤ ወይም መሥመሯ ተቋርጧል። አልተርኔተሩ ሥራ የሚጀምርበትን የመጀመሪያ ሞገድ የሚያገኘው በዚህች አምፖል በኩል ነው። አምፖሏ ከሞተች ጤነኛው አልተርኔተር ተኝቶ ሊቀር ይችላል። መብራቷ በርታ ሞተሩ ሲነሣ ካልጠፋች ደግሞ ቺንጋውን፣ ካርቦኑንና ሪጉላተሩን በዚሁ ተራ መመርመር ነው። ትንሿ አምፖል ሳትታይ ውዱ አልተርኔተር የሚለወጥበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ በጀማ ሸለቆ ነው። ወደ መርሐቤቴ የሚሄድ መኪና ከሙከጡሪ በለሚ በኩል ከደጋው ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ቆላውን ይሻገራል፤ ከዚያ ወደ ዓለም ከተማ ዳገቱን ይወጣል። በዚህ ሙቀት ሞተሩ በድንገት ይጠፋል፤ ግማሽ ሰዓት ዐርፎ ሲቀዘቅዝ ይነሣል። ይህ ምልክት ሁለት አባት ሊኖረው ይችላል። አንዱ ነዳጁ በቱቦ ውስጥ መትነኑ ነው። ሌላው በነዳጅ ፓምፕ ሪሌይ ውስጥ ያለው የቆርቆሮ ብየዳ ተሰንጥቆ ሲሞቅ መለያየቱ ነው፤ ይህም በዚህ ዘመን መርሴዲሶች ዘንድ የታወቀ ሕመም ነው። ለይቶ ለማወቅ መኪናው ሳይቀዘቅዝ፣ በጠፋበት ሰዓት፣ ሞተሪኖው እየዞረ የፓምፑን ጫፍ መለካት ነው። 12 ቮልት የሚቀርብ ንባብ ካለ ኤሌክትሪኩ ነጻ ነው፤ ነዳጁን ወይም ፓምፑን ፈልጉ። ከሌለ ሪሌዩን ከፍቶ በአጉሊ መነጽር ብየዳውን ማየት፣ የቀለበት መሳይ ስንጥቅ ያለበትን እንደ ገና መበየድ ነው። ቀዝቅዞ ከተነሣ በኋላ የሚደረግ ልኬት ግን ስለ ሕመሙ የሚነግረን የለም።

በዚህ ጊዜ ሪሌዩን ነቅሎ ሁለቱን ጫፍ በሽቦ ማገናኘት የተለመደ ነው። መኪናውን ከሸለቆው ለማውጣት ይጠቅም ይሆናል፤ በዚያው መተው ግን አደጋ ነው። ሪሌዩ ሞተሩ ሲቆም ፓምፑን እንዲያቆም የተሠራ ነው። መኪናው ቢገለበጥ በሽቦ የታሰረው ፓምፕ በተሰበረው ቱቦ ነዳጅ ማፍሰሱን ይቀጥላል።

ሦስተኛው ጉዳይ በመሐል ሜዳ ነው። መኪናው ለበዓል ደርሶ አንድ ሳምንት በግቢ ይቆማል፤ በመመለሻው ቀን ንጋት ላይ አይነሣም። ብርዱ ይወቀሳል፤ ባትሪ ይገዛል፤ በሚቀጥለው በዓል ያው ይደገማል። ሰባራ መዝጊያ ያለው የዕቃ ኪስ ውስጥ ሳትጠፋ የምትቀር 5 ዋት አምፖል 0.4 አምፔር ትስባለች። በቀን 10 አምፔር ሰዓት፣ በስድስት ቀን 60 ይሆናል፤ ያውም ሙሉው ባትሪ ነው። ሌባውን ለመያዝ ቁልፉ ጠፍቶ፣ በሮቹ ተዘግተው፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ተነቅሎ ቴስተሩ በመካከል በአምፔር ይገባል። ለዚህ ዘመን መኪና ከ0.05 አምፔር የበለጠ መሳብ ምርመራ ይሻል። ፊውዞቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ፤ ንባቡ የወረደበት ፊውዝ ሌባው ያለበትን መሥመር ያመለክታል። ፊውዝ ሁሉ ተነቅሎ ንባቡ ካልወረደ ደግሞ በፊውዝ የማያልፈውን፣ በተለይም የአልተርኔተሩን ዳዮድ መጠርጠር ነው።

መቅረት ያለባቸው ልማዶች

የመጀመሪያው ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ «ዲናሞው ይሠራል አይሠራም» ብሎ መሞከር ነው። በጥንቱ ዲናሞ ዘመን ብዙ ጉዳት ሳያደርስ አልፎ ይሆናል። በአልተርኔተር ላይ ግን ባትሪው ሲለይ ቮልቴጁ በቅጽበት ብዙ እጥፍ ይዘላል፤ ዳዮዱን፣ ሪጉላተሩን፣ የማቀጣጠያውን ሣጥን ይዞ ይሄዳል። ቴስተር የሚለውን ለማወቅ መኪናን ማቃጠል አያስፈልግም።

ሁለተኛው በተቃጠለ ፊውዝ ምትክ የመዳብ ሽቦ ወይም የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት መጠቅለል ነው። ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። በጠባብ የስፖርት መኪና ውስጥ የሽቦው ጥቅል ከምንጣፉና ከነዳጅ ቱቦው አጠገብ ያልፋል፤ የተቃጠለ ሽቦ እዚያ ብቻውን አይቀርም። በእነዚህ ሾጣጣ ፊውዞች ላይ ደግሞ ፊውዙ ሳይቃጠል መገናኛው ብቻ ዝጎ ሥራ ሊያቆም ይችላል፤ በጣት ሲዞር የሚነሣ ከሆነ ፊውዙን መለወጥና የሣጥኑን ጥርስ መጥረግ በቂ ነው።

ሦስተኛው ከባትሪው አዲስ ሽቦ ስቦ የተበላሸውን መሥመር ማለፍ ነው። ብልሽቱ እዚያው ይቀራል፤ ለሚቀጥለው ሠራተኛ ግን ሥዕሉና መኪናው አይገናኙም። በዐሥር ዓመት ውስጥ አምስት ሠራተኛ አምስት ሽቦ የጨመረበት መኪና ማንም ሊመረምረው ወደማይችል ደረጃ ይደርሳል።

ስለ መዝገብ

በመጨረሻ ለአባላት የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። እያንዳንዱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለሚጠግነው ለእያንዳንዱ ያረጀ መኪና አንድ ትንሽ ደብተር በመኪናው ኪስ ውስጥ ይተው። በእርሱም የለካውን ቮልት፣ የነካውን ሽቦ ቀለምና ቁጥር፣ የለወጠውን ዕቃ፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ይጻፍ። አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ምርመራ መሐል ሜዳ ላይ ከዜሮ አይጀምርም፤ የመሐል ሜዳውም ሠራተኛ የሠራው መልካም ሥራ አዲስ አበባ ላይ ይነበባል። ወጣቶች ተማሪዎቻችንም ከመፍቻው አስቀድሞ ቴስተሩን እንዲያነሡ በዚህ ይለምዳሉ። በቅርቡ ወደ ጋራዦቻችን በብዛት የሚመጡት በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪናዎች ቮልቴጃቸው በመቶዎች የሚቆጠር ነው፤ በ12 ቮልት ላይ ሳይለካ መንካት የለመደ እጅ በእነርሱ ላይ ሁለተኛ ዕድል አያገኝም። ስለዚህ ይህን ልማድ ዛሬ በአሮጌዎቹ ላይ ብናስተምር እንጠቀማለን።